«ኢንክሪፕት ካደረግነው አይበቃም ወይ?»

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነን። ለመመረቂያ ፕሮጀክታችን ላብ ውስጥ ያሉትን የሊኑክስ ማሽኖች አገናኝተን እንደ አንድ ሲስተም እንዲሠሩ አድርገናል። ፋይሉ ሁሉ በኤንኤፍኤስ (ፋይልን በኔትወርክ ማጋሪያ ዘዴ) ከአንድ ሰርቨር ይመጣል፤ ሥራውን ማሽኖቹ ይከፋፈሉታል። አማካሪያችን አይቶ ‹በመካከላቸው ያለው ግንኙነት ደህንነቱ የታለ?› አለን። ሁሉንም ኢንክሪፕት ብናደርገው (ብናመሰጥረው) አይበቃም ወይ? የራሳችንን የማመስጠሪያ ዘዴ ሠርተን ብንጨምርበትስ?»

አማካሪያችሁ ደህና ቦታ ነው የነካችሁ። አጭሩ መልስ፦ አይበቃም። ኢንክሪፕሽን ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ዛሬ ደግሞ ተዘጋጅቶ ስለተቀመጠ ከላይብረሪ ማንሳት ብቻ ነው። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፦ የምታወሩት ከማን ጋር እንደሆነ ማወቅ፣ ከዚያም የመጣው መልእክት የአሁን መሆኑን ማረጋገጥ። ሁለተኛውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ አንድ ማሽን ብቻ እንውሰድ። አንድ ፕሮግራም ፋይል ልክፈት ሲል ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ማን እንደጠየቀው አይጠራጠርም። ሎግ ኢን ስታደርጉ የተጠቃሚ ቁጥራችሁን የመዘገበው ራሱ ነው። ፕሮግራሙ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ሊዋሽ ቢፈልግ እንኳ መዋሻ ቦታ የለውም፤ ማንነቱ የተጻፈው ከርነሉ ጋ ነውና። ይህን ሥራ ወደ ሁለት ማሽን ስትከፍሉት ያ እርግጠኝነት ወዲያው ይጠፋል። በኬብሉ የሚደርሰው ባይት ብቻ ነው። ባይቱ ላይ የተጻፈውን ስም ላኪው ደስ እንዳለው ሊሞላው ይችላል። የዲስትሪቢዩትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ብዙ ማሽኖችን እንደ አንድ የሚያሠራ ሲስተም) ደህንነት ማለት፣ በዋናነት፣ ከርነሉ በአንድ ማሽን ላይ በነፃ ይሰጠን የነበረውን እርግጠኝነት በቁልፍ መልሶ መሥራት ነው።

የእናንተው ኤንኤፍኤስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1980ዎቹ አጋማሽ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲያወጣው ላቡ ውስጥ ባለ ማሽን ላይ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) የሚሆነው አስተዳዳሪው ብቻ ነበር። ስለዚህ ነባሪው አሠራር እምነት ላይ ቆመ። ክላይንቱ (ፋይሉን የሚጠይቀው ማሽን) ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር የተጠቃሚ ቁጥር፣ የግሩፕ ቁጥርና ተጨማሪ ግሩፖች ይልካል። ሰርቨሩ አምኖ ይቀበላል። ፓስወርድ የለም፣ ፊርማ የለም። በር ተንኳኩቶ «ማነው?» ሲባል «እኔ ነኝ!» ብሎ እንደመግባት ነው። በሰው ቤት ድምፁን እናውቀዋለን፤ ሰርቨሩ ግን ድምፅ አያውቅም።

አታምኑኝም እንደሆነ ላቡ ላይ፣ በራሳችሁ ፋይል፣ አማካሪያችሁን አስፈቅዳችሁ ሞክሩት። ከቡድናችሁ የአንዱን የተጠቃሚ ቁጥር እዩ፤ 1001 ነው እንበል። ከዚያ የራሳችሁን ላፕቶፕ ኔትወርኩ ላይ ሰኩ። ላፕቶፑ ላይ ሩት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ በቁጥር 1001 አዲስ ተጠቃሚ ፍጠሩ። ስሙ ምንም ይሁን፣ ሰርቨሩ የሚያየው ቁጥሩን ነው። አሁን የሰርቨሩን ፎልደር ማውንት አድርጋችሁ በዚያ ተጠቃሚ ግቡ። የጓደኛችሁ ፋይል ወለል ብሎ ይከፈታል። ማንበብ ብቻ አይደለም፤ መጻፍም መሰረዝም ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሩት ስኳሽ አብርተናል» ይላል። ሩት ስኳሽ የሚያግደው የሩትን ቁጥር፣ 0ን ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው ሩት ደግሞ 0 ሆኖ መምጣት አያስፈልገውም፤ 1001 መሆን ይችላል። «ለተፈቀደላቸው አይፒዎች ብቻ ነው የከፈትነው» የሚልም አለ። አንዱን የላብ ማሽን አጥፍታችሁ አይፒውን ለላፕቶፑ ስጡት፤ አለቀ። ከ1024 በታች ካለ ፖርት የመጣ ጥያቄ ብቻ ይቀበል የሚለው አማራጭም «ላኪው ማሽን ላይ ሩት የሆነ ሰው ፈቅዷል» ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም። ሩቱ ማን እንደሆነ አይተናል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ትራፊክ ኢንክሪፕት አደረጋችሁት እንበል። ምን ተለወጠ? ቁልፉን ለማንኛውም ላገናኘው ማሽን የምትሰጡ ከሆነ፣ ውሸታሙ ላፕቶፕ ውሸቱን ኢንክሪፕት አድርጎ ይልካል። ሰርቨሩም ፈትቶ ያምነዋል። መሃል ላይ ሆኖ የሚያዳምጥ ሦስተኛ ሰው ምንም አይሰማም፤ ሌባው ግን ከውስጥ ነው።

ሌላም አለ። ለአንድ ማሽን «ከዚህ ሂሳብ ወደዚያ 5,000 ብር አዛውር» የሚል መልእክት ተልኮለታል እንበል። በደንብ ተመስጥሯል፤ ማንም ሊያነበው አይችልም። ኔትወርኩ ላይ ያለ ሰው ግን ማንበብ ሳያስፈልገው ፓኬቱን እንዳለ ቀድቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሊልከው ይችላል። መልእክቱ እውነተኛ ነው፣ ቁልፉም ትክክለኛ ነው። ሰርቨሩ ሌላ 5,000 ያዛውራል። መልእክቱ ትኩስ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካልተጨመረበት ምስጢርነቱ ብቻውን አያድንም።

ከዚህ ጥያቄ ጋር በቁም ነገር የታገለው ቀደምት ሥራ የሮጀር ኒድሃምና የማይክል ሽሮደር ነው። በ1978 ዜሮክስ ፓርክ (የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል) ውስጥ ሆነው ያወጡት ሐሳብ ዛሬም ድረስ ከስር አለ። እያንዳንዱ ማሽን ከእያንዳንዱ ጋር ቁልፍ ይያዝ ብትሉ ማሽኑ ሲበዛ ቁልፉ ይበዛል፤ ለ100 ማሽን 4,950 ቁልፍ ነው። እነሱ አንድ የሚታመን ሰርቨር መሃል አስቀመጡ። እያንዳንዱ ማሽን ከዚያ ሰርቨር ጋር ብቻ ሚስጥራዊ ቁልፍ አለው። ማሽን ሀ ከማሽን ለ ጋር ማውራት ሲፈልግ ለሰርቨሩ የሁለቱን ስምና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል። ሰርቨሩ አዲስ ጊዜያዊ ቁልፍ ይፈጥርና በሀ ቁልፍ ቆልፎ ይመልሳል። በዚያው ውስጥ ሀ ሊከፍተው የማይችለው ሌላ የታሸገ ነገር አለ፦ ጊዜያዊው ቁልፍና የሀ ስም፣ በማሽን ለ ቁልፍ ተቆልፎ። ሀ ይህን ለማሽን ለ ያስተላልፋል። ለ ይከፍተዋል፣ «ከሀ ጋር በዚህ ቁልፍ አውራ» የሚለውን ያገኛል፣ ከዚያ ሀ በእርግጥ በሕይወት ያለ መሆኑን በራሱ ቁጥር ይፈትናል።

በጣም ያምራል። ግን ቀዳዳ ነበረው። ዶሮቲ ዴኒንግና ጆቫኒ ሳኮ በ1981 አሳዩት። ለ የተቀበለው የታሸገ ነገር ዛሬ ተሠራ ወይስ ካቻምና፣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ አንድ ያረጀ ጊዜያዊ ቁልፍ እንደምንም ያገኘ ሰው፣ ያኔ ቀድቶ ያስቀመጠውን የታሸገ ነገር እንደገና ልኮ ራሱን ሀ ነኝ ሊል ይችላል። የማሽን ለን ፈተናም ያልፋል፤ ቁልፉ እጁ ላይ ነውና። መፍትሔ ያሉት ሰዓት መጨመርን ነው፦ የታሸገው ነገር ላይ የተሠራበት ጊዜ ይጻፍበት።

ኬርበሮስ የሚባለው የማንነት ማረጋገጫ ሲስተም ከዚህ ነው የተወለደው። ኤምአይቲ በ1983 ከኮምፒውተር ኩባንያዎቹ ከዴክና ከአይቢኤም ጋር አቴና የሚባል ፕሮጀክት ጀመረ። ግቢው በሙሉ ተማሪ የፈለገበት ተቀምጦ በሚሠራባቸው ማሽኖች ሊሞላ ሆነ። ማሽኑን ማመን አይቻልም፤ ኔትወርኩንም ማመን አይቻልም። ስለዚህ የኒድሃምና የሽሮደርን ሐሳብ ወስደው ሰዓት ጨመሩበት። ተማሪው ጠዋት አንዴ ፓስወርዱን ያስገባል። ለተወሰነ ሰዓት የሚያገለግል ቲኬት ያገኛል። ከዚያ በኋላ ፋይል ሰርቨሩም ፕሪንተሩም ቲኬቱን እንጂ ፓስወርዱን አያዩም፤ ፓስወርዱ ራሱ በኬብሉ ላይ ፈጽሞ አይጓዝም። አምስተኛው ስሪት በ1993 በመደበኛ ሰነድ ወጣ። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 2000 ሲወስደው ደግሞ የዓለም መሥሪያ ቤት ሁሉ ገባ። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የማይክሮሶፍት የተጠቃሚዎች ማስተዳደሪያ) ባለበት ቢሮ የሚሠራ ሰው ሳያውቀው በየቀኑ ቲኬት ይቀበላል።

ግን ሰዓት ስትጨምሩ ሰዓት ራሱ የደህንነት ጉዳይ ይሆናል። ኬርበሮስ በነባሪው የ5 ደቂቃ ልዩነት ይታገሣል። ከዚያ ካለፈ «ክሎክ ስኪው ቱ ግሬት» ብሎ ይከለክላል። እኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። መብራት ይጠፋል፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ ሞታለች፣ ማሽኑ ሲነሣ ሰዓቱ ከዓመታት በፊት ይሆናል። ማንም ሰው መግባት አይችልም። ፓስወርድ ይቀየራል፣ አካውንት ይሰረዛል፣ እንደገና ይፈጠራል፤ ችግሩ ግን ሰዓት ነው። በእጅ ሲስተካከል ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን በ9:00 ፋንታ 3:00 ብሎ በሀበሻ አቆጣጠር የሚሞላ አይጠፋም፤ የ6 ሰዓት ልዩነት ማለት ነው። ስለዚህ ለላባችሁ ከኬርበሮስ በፊት የምትተክሉት ነገር ክሮኒ ወይም ሌላ የሰዓት ማመሳሰያ ነው። ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ አንዱን ማሽን የሰዓት ምንጭ አድርጉት፤ ሁሉም እኩል ይሁን እንጂ።

አሁን ወደ ኤንኤፍኤስ ተመለሱ። ከኬርበሮስ ጋር ሲሠራ ሦስት ደረጃ አለው፣ እኔ ደግሞ ይህን አከፋፈል ለተማሪ ማሳየት በጣም እወዳለሁ። የመጀመሪያው ኬአርቢ5 ነው፤ ጠያቂው ማን እንደሆነ ብቻ ያረጋግጣል። ሁለተኛው ኬአርቢ5አይ በመንገድ ላይ ምንም ባይት እንዳልተነካካ ይጨምራል። ሦስተኛው ኬአርቢ5ፒ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ይዘቱ የሚመሰጠረው። ልብ በሉ፣ ኢንክሪፕሽን የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እናንተ የጀመራችሁት ከሦስተኛው ነው፤ የመጀመሪያውን ዘላችሁ። ለተጠቃሚዎች ፎልደር ኬአርቢ5ፒን ተጠቀሙ። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ አሁን ባሉት ፕሮሰሰሮች ግን ላብ ውስጥ ብዙም አታስተውሉትም።

«የእኛ ኔትወርክ የውስጥ ነው፣ ማን ይገባል?» የሚል ሰው ቡድናችሁ ውስጥ እንደሚኖር እገምታለሁ። ሁሌም አንድ አለ። ጉግልም እንደዚያ ያስብ ነበር። በጥቅምት ወር 2013 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ፖስት ያወጣው ዘገባ የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ኤንኤስኤ ከእንግሊዙ አቻው ጋር ሆኖ የጉግልንና የያሁን ዳታ ሴንተሮች የሚያገናኙትን መስመሮች እንደሚጠልፍ ገለጸ። ከወጣው ሰነድ አንዱ በእጅ የተሳለ ሥዕል ነበር። ኢንክሪፕሽኑ የሚቀርበትን ቦታ በቀስት አሳይቶ አጠገቡ ፈገግ ያለች ፊት ሥሎበታል። ተጠቃሚው እስከ ጉግል በር ድረስ ተመስጥሮ ይመጣል፤ ከበሩ ወዲህ «የራሳችን መስመር ነው» ተብሎ ክፍት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በዳታ ሴንተሮች መካከል ማመስጠር ግዴታ እየሆነ መጣ። የእናንተ ላብ ውስጥ የመንግሥት ሰላይ አይመጣም፤ ግን ስዊቹ ላይ ባዶ ሶኬት አለ፣ የሚያልፈው ተማሪም ብዙ ነው።

ሥራችሁ ወደ ዲስትሪቢዩትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለሚጠጋ፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነውን አሚባን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። አንድሩ ታነንባውምና ባልደረቦቹ አምስተርዳም ውስጥ በ1980ዎቹ የሠሩት ነው። ፓይተንን የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰምም እዚያው ከተማ ውስጥ በዚሁ ፕሮጀክት ላይ ይሠራ ነበር። አሚባ «አንተ ማነህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ምን ይዘሃል?» ይላል። እያንዳንዱ ፋይል፣ እያንዳንዱ ፕሮሰስ ኬፓቢሊቲ የሚባል 128 ቢት ቁጥር አለው። 48 ቢቱ የትኛው ሰርቨር እንደሆነ ይናገራል፣ 24ቱ የትኛው ዕቃ፣ 8ቱ ምን ማድረግ እንደሚፈቀድ፣ የቀረው 48 ቢት መፈተሻ ነው። መፈተሻው ሰርቨሩ ብቻ ከሚያውቀው የዘፈቀደ ቁጥር የተሠራ ነው። «ማንበብ ብቻ» የሚለውን ቢት ወደ «ማንበብና መጻፍ» የቀየረ ሰው መፈተሻው አይገጥምለትም። ለመገመት 281 ትሪሊዮን ያህል አማራጭ አለ፤ ለዚያ ዘመን በቂ ነበር።

ደካማ ጎኑም እዚያው ነው። ቁጥሩን የያዘ ሁሉ ባለመብት ነው። በኬብሉ ላይ ሲያልፍ ያየው ሰው ቀድቶ የራሱ ያደርገዋል። የአሚባ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ኬፓቢሊቲው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ተጨማሪ ጥበቃ ነድፈው ነበር። ዛሬ ዌብ ሰርቪስ ላይ የምትልኩት ቶክን (የመግቢያ ፈቃድ ኮድ) የዚሁ ነገር የልጅ ልጅ ነው። ቶክን በክፍት መስመር መላክ ወይም ሎግ ፋይል ውስጥ ማተም ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል። ደግሞ ጥሩ ጎኑን አትርሱ፤ አንድ ማሽን ቢሰበር ሌባው የሚያገኘው እዚያ ማሽን ላይ የነበሩትን ቁጥሮች ብቻ ነው። የኬርበሮስ ማዕከላዊ ሰርቨር ቢሰበር ግን ሁሉም ነገር አብሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው ያ ሰርቨር ለብቻው ማሽን የሚሰጠው፣ ሌላ ምንም የማይጫንበት። እባካችሁ የፕሮጀክቱን ዌብሳይት እዚያው ላይ አትጫኑ።

ኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያሠራ ሲስተም) ላይ የምትሠሩ ቢሆን ኖሮ መልሱ በኬርበሮስ ፋንታ ቲኤልኤስ (ዌብሳይቶች ግንኙነታቸውን የሚጠብቁበት ፕሮቶኮል) በሁለቱም ወገን ይሆን ነበር። ክላይንቱ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት (የማንነት ማስረጃ) ይመረምራል፣ ሰርቨሩም የክላይንቱን። መሠረቱ ያው ነው፦ ማንነት መጀመሪያ። እዚህ ላይ የማየው ትልቁ ጥፋት የሰርተፍኬት ስህተት ሲመጣ ምርመራውን ማጥፋት ነው። ሰዓቱ እኩለ ሌሊት ነው፣ ነገ ዲሞ አለ፣ ከኢንተርኔት ላይ አንድ መስመር ኮፒ ይደረጋል፣ ስህተቱ ይጠፋል። ትራፊኩ አሁንም ተመስጥሯል፤ ዋየርሻርክ (የኔትወርክ ፓኬት ማያ ፕሮግራም) ላይም የሚነበብ ነገር አይታይም። ግን ከማን ጋር እንደተመሰጠረ ማንም አያውቅም። መሃል የገባ ማሽን የራሱን ሰርተፍኬት ሰጥቶ ከሁለቱም ጋር በምስጢር ሊያወራ ይችላል። ሌላው ጊዜው ያለፈበት ሰርተፍኬት ነው። በኩብአድም (የኩበርኔቲስ መትከያ መሣሪያ) የተተከለ ክላስተር ሰርተፍኬቶቹ በነባሪው 1 ዓመት ነው የሚቆዩት። ተክሎት የረሳ ሰው በዓመቱ አንድ ጠዋት ክላስተሩ ትዕዛዝ አልቀበልም ሲለው ያስታውሳል።

ዋየርጋርድ (በማሽኖች መካከል የተመሰጠረ መስመር የሚዘረጋ ቪፒኤን) ብንጠቀምስ የምትሉ ከሆነ፣ በጣም ጥሩ ነገር ነው። ከ2020 ጀምሮ ሊኑክስ ከርነል ውስጥ አለ። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ቁልፍ አለው፤ ያልተመዘገበ ላፕቶፕ ቢሰካ መልስ እንኳ አያገኝም። ነገር ግን ዋየርጋርድ የሚያውቀው ማሽኑን ነው፤ ተጠቃሚውን አይደለም። ከተመዘገቡት ማሽኖች በአንዱ ላይ ሩት ያገኘ ተማሪ አሁንም 1001 ነኝ ብሎ መምጣት ይችላል። ጊዜ ካጠራችሁ ዋየርጋርድን ተክላችሁ ይህን ገደብ በግልጽ ጻፉት፤ ፈታኝ ፊት «ይህን አይሸፍንም» ማለት ከመለማመጥ ይሻላል። ጊዜ ካላችሁ ግን ኬርበሮስ።

የራሳችሁን የማመስጠሪያ ዘዴ ስለመጨመር ደግሞ፣ ይቅርባችሁ። ሰን ማይክሮሲስተምስ ትልቅ ኩባንያ ነበር፣ የኤንኤፍኤስን ቀዳዳ ለመድፈን ሴኪዩር አርፒሲ የሚባል ነገር ሠራ። ለቁልፍ ልውውጡ የመረጠው ቁጥር 192 ቢት ብቻ ነበር። በ1991 ላማኪያና ኦድሊዝኮ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰበሩት። ኒድሃምና ሽሮደር እዚያው በ1978ቱ ጽሑፍ ላይ በአደባባይ ቁልፍ (አንዱ ለሁሉም የሚገለጥ፣ ሌላው የሚደበቅ ጥንድ ቁልፍ) የሚሠራ ሌላ ፕሮቶኮልም አውጥተው ነበር። ሦስት ዋና መልእክት ብቻ ናት። ዓለም ሁሉ እያነበባት፣ ተማሪ ሁሉ እየተማራት ቆየች። ጋቪን ሎው ቀዳዳዋን ያገኘው በ1995 ነው፤ ከ17 ዓመት በኋላ። መድኃኒቱ አንድ ስም መጨመር ነበር፤ ተቀባዩ ማሽን ለ ሲመልስ የራሱን ስም መልእክቱ ውስጥ ያስገባ። እነዚያ ሰዎች ካመለጣቸው፣ በአንድ ሴሚስተር የተሠራ አልጎሪዝም ምን እንደሚሆን አስቡት። ለውጤትም አይረዳችሁም፤ ደህና ፈታኝ ገና ሲያየው ነው የሚይዛችሁ።

ከዚያ ይልቅ ቅድም የነገርኳችሁን የ1001 ጥቃት የፕሮጀክታችሁ አካል አድርጉት። ላፕቶፑ ሲሰካ፣ ፋይሉ ሲከፈት በስክሪን ቅረጹ። በዋየርሻርክ ፓኬቱን ይዛችሁ 1001 የሚለው ቁጥር የትኛው ባይት ላይ እንደተቀመጠ አሳዩ። ቀጥሎ በኬአርቢ5 ያንኑ ድገሙት፤ ላፕቶፑ ቲኬት ስለሌለው ይከለከላል፣ ባለቤቱ ራሱ ሲከፍተው ግን የፋይሉ ይዘት ፓኬቱ ላይ አሁንም ይነበባል። ከዚያ በኬአርቢ5ፒ ድገሙት፤ አሁን ይዘቱም አይነበብም። በመጨረሻ የአንዱን ማሽን ሰዓት በ10 ደቂቃ ወደ ኋላ መልሱና የሚመጣውን ስህተት አሳዩ። ፍጥነቱን በሦስቱም ላይ ለክታችሁ ሠንጠረዥ አስገቡ። አማካሪያችሁ የጠየቀው ይህንን ይመስለኛል።